የፊት መስመር ተጫዋቾች በምን ይመዘናሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱት የእግር ኳስ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ ከወሎ ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ይህን እትም ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ጥያቄው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የአንድን ቡድን አጥቂዎች፣ ማለትም ኳስ ወደፊት ሲላክ የሚቀበሉትን ተጫዋቾች፣ በምን መንገድ መገምገም ይቻላል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ የአንድ የወጣቶች ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ነኝ። ዋናው አሠልጣኝ የፊት መስመሩን ገምግሜ እንዳቀርብ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ለሦስት ቦታ ሰባት ተጫዋቾች አሉን። እስካሁን ባደረግናቸው የወዳጅነት ጨዋታዎች አብዛኞቹን ጎሎች ያገባው አንድ ልጅ ነው፤ የቡድኑ ኮሚቴም «ጎል ያገባ ይሰለፍ» ይላል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። በምን ልመዝናቸው?

መልስ፦ ልብዎ አለማረፉ ተገቢ ነው። በነሐሴ የወዳጅነት ጨዋታ የሚገባ ጎል የአጥቂውን ብቃት ከማሳየቱ ይልቅ የተጋጣሚውን ዝግጁ አለመሆን የሚያሳይበት ጊዜ ይበዛል። ተከላካዮቹ ገና አብረው አልተላመዱም፣ ግብ ጠባቂው በየአጋማሹ ይቀየራል፣ ሜዳውም ጭቃ በመሆኑ ተከላካይ አወጣሁት ያለው ኳስ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀርና በአቅራቢያው ለተገኘ ሰው ሲሳይ ይሆናል። የጎል ብዛት ክብደት የሚኖረው ረጅም ውድድር ውስጥ ሲታይ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎሎችን ሲያስቆጥር ያ ቁጥር የተገኘው ከዓመት ሙሉ ፉክክር፣ እሱን ለማቆም ተዘጋጅተው ከመጡ ተከላካዮች ፊት ነበር። እዚያም ቢሆን የዚያን ዓመት ዋንጫ ያነሳው ፋሲል ከነማ መሆኑን ለኮሚቴው ማስታወስ አይከፋም፤ የአንድ ሰው ጎል ምንም ያህል ቢበዛ የቡድንን ሥራ ሁሉ አይሸፍንምና።

በእኔ እምነት ግምገማው መጀመር ያለበት ኳሱ ተጫዋቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ካሉት ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ነው። ተመልካች ኳሱን ይከተላል፤ ገምጋሚ ግን ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ ሊቀበለው በተዘጋጀው ሰው ላይ ማሳረፍ አለበት። አንድ አጋጣሚ በቅርበት እንመልከት። የግራ ተከላካያችሁ ኳስ ይዞ ቀና ብሏል፤ የመሐል አጥቂው ደግሞ ከሚጠብቀው ተከላካይ ተላቆ ወደ መሐል ሜዳው ይወርዳል። ጥሩ ተቀባይ ከሆነ ኳሱ ገና በጓደኛው እግር ሥር ሳለ አንድ ጊዜ፣ በጉዞ ላይ ሳለ ደግሞ ሌላ ጊዜ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላው ያያል። ሲቆምም በአግድም ነው፤ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ለተጋጣሚው ግብ አይሰጥም። ተከላካዩ ካልተከተለው ኳሱን ራቅ ባለው እግሩ ተቀብሎ በዚያው ንክኪ ወደ ግቡ ይዞራል፤ ከተከተለው ደግሞ አብርዶ ፊት ለፊቱ ለሚመጣው አማካይ ይመልስለታል። ደካማው ተቀባይ ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ፣ ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላው ማን እንዳለ የሚያውቀው ኳሱ ከደረሰው በኋላ ስለሆነ፣ አቁሞ፣ ቀና ብሎ፣ መንገድ ሲፈልግ ይነጠቃል። ሁለቱም በዚያ ቀን ጎል ሳያገቡ ሊወጡ ይችላሉ፤ በጥርና በየካቲት ሜዳው ደርቆ ተከላካዮችም ሲበረቱ የትኛው እንደሚጠቅማችሁ ግን ከዚያች ቅጽበት ይታወቃል።

ይህን በዓይን አይቶ በልብ መያዝ ስለማይቻል ደብተር ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ የወዳጅነት ጨዋታ አንድ ሰው አንድን ተጫዋች ብቻ ለ15 ደቂቃ ይከታተል፤ ኳስ በተላከለት ቁጥርም የት እንደተቀበለ፣ ፊቱ ወደ የትኛው ግብ እንደነበረ፣ ከተቀበለ በኋላ ኳሱ ወደፊት እንደሄደ፣ በቡድኑ እጅ እንደቆየ ወይም እንደተነጠቀ ይጻፍ። ከእነዚህ በላይ መጻፍ የሚገባው፣ ብዙ ገምጋሚዎችም የሚዘነጉት፣ ተጫዋቹ ለመቀበል ነጻ ቦታ ላይ ተገኝቶ ኳስ ያልተላከለት ጊዜ ነው። ይህ ጥፋት የአጥቂው አይደለም፤ በጎል ቆጠራ ግን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። ልምምድ ላይ ተከላካይ በሌለበት የሚደረግ ኳስ መቀባበል ለዚህ ዓይነቱ ግምገማ አይበቃም። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ተኝታ አይቷት ገንዘብ አይቆጥርም፤ አስነሥቶ፣ አስሂዶ፣ ጭነት መቻሏን አረጋግጦ ነው። አጥቂንም ጀርባው ላይ ሰው በተለጠፈበት ጊዜ አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው የቡድንነት ጉዳይ ነው። ሰባቱን ለየብቻ ደረጃ ሰጥቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማሰለፍ የፊት መስመር አያስገኝም። ሦስቱም ኳስ እግራቸው ላይ እንዲሰጣቸው ወደ መሐል የሚወርዱ ከሆነ የተጋጣሚው ተከላካዮች ያለ ሥጋት ወደፊት ተጠግተው ሜዳውን ያጠቡባችኋል፤ ሦስቱም ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጡ ከሆነ ደግሞ አማካዮቻችሁ ኳስ የሚሰጡት ሰው አጥተው በረጅሙ መጠለዝ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሰባቱን በደረጃ ከመደርደር በፊት በጠባያቸው ይለዩዋቸው። ከተከላካይ ጋር ተጋፍቶ ኳስ የሚያቆየው፣ ሰንጥቀው ሲልኩለት የሚፈተለከው፣ ጎን መስመሩን ይዞ ሜዳውን የሚያሰፋው፣ ሲሻማ ከሩቁ ቋሚ ብረት በኩል የሚደርሰው የትኛው ነው? አንዱ ወደ ኳሱ ሲወርድ ሌላው የተወውን ቦታ አይቶ ይሮጣል ወይስ ቆሞ ያያል? በእኔ ሚዛን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል።

የአገራችን ታላቅ ድልም ይህንኑ ያሳያል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ አራቱን ጎሎች ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ፤ አራት ጎል፣ አራት ሰው። ተጋጣሚ አንዱን ሲዘጋ ሌላው የሚከፈትበት የፊት መስመር ማለት እንዲህ ያለ ነው።

ጎል ያገባውን ልጅ ግን ያስቀምጡት ማለቴ አይደለም። ጎሎቹን እያንዳንዳቸውን መለስ ብለው ያስቡ፤ ከተከላካዩ ቀድሞ ቦታው ላይ በመገኘት ያገባቸው ከሆኑ ያ ራሱ የቻለ ችሎታ ነው፣ ጭቃና የግብ ጠባቂ ስሕተት ያመጣቸው ከሆኑ ደግሞ ደብተሩ ይለያቸዋል።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት በእጅ ውርወራ የተላከለትን ኳስ ተቀብሎ ጎል ያገባ አጥቂያችን ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) ነበር፣ አልነበረም በሚል ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጎሉ ትክክለኛ ነው። በእግር ኳስ ሕግ 11ኛ አንቀጽ መሠረት ኳስ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምት ወይም ከማዕዘን ምት የተቀበለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ሆነ አይባልም። ከቅጣት ምት ሲሆን ግን ሕጉ ይሠራል። ለገምጋሚም ጠቃሚ ነገር አለው፦ ግብ ጠባቂው የግብ ምት ሲመታ ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚቆም፣ ውርወራ ሲደረግ ወደ ማዕዘኑ የሚሮጥ አጥቂ ካለዎት ሕግ የሚያውቅና ዕድል የሚፈልግ ልጅ ነውና ይመዝገብለት።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ቡድን ደጋፊ ነኝ። የቀኝ መስመር አጥቂያችን በከተማችን ሜዳ ሲጫወት የሚያቆመው የለም። ደሴ ወጥተን ባደረግነው የወዳጅነት ጨዋታ ግን ከዕረፍት በኋላ ጠፋ፤ የተላከለትን ረጅም ኳስ ሁሉ አልደረሰበትም። ደጋፊው «ሰነፍ ነው፣ ይቀየር» እያለ ነው። እውነት ሰንፎ ነው?

መልስ፦ ፍርዱ የፈጠነ ይመስለኛል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመድረስ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት እንዘነጋለን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በኮምቦልቻ አራት አምስተኛ፣ በደሴ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባይቀየርም ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ይህ ከማንም በፊት የሚጎዳው የመስመር አጥቂን ነው፤ የእሱ ሥራ በሙሉ ኃይል መሮጥ፣ ተመልሶ መከላከልና ሳያርፍ እንደገና መሮጥ ነውና። የመጀመሪያው ሩጫ ያው የለመደው ሩጫ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በሁለት ሩጫዎች መካከል ለማገገም የሚወስድበት ጊዜ ነው። ከዕረፍት በፊት ታይቶ ከዕረፍት በኋላ የጠፋውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከፍታ ዓለም አቀፍ ክርክር ያስነሳ ጉዳይ መሆኑንም ልጨምር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኙ ሜዳዎች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር። ጨዋታቸውን በከፍታ የሚያደርጉት የደቡብ አሜሪካ አገሮች አጥብቀው በመቃወማቸው ወሰኑን በወሩ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገው፤ በ2008 ደግሞ ክልከላውን አገደው። ያ ሁሉ ክርክር የተነሣው ሜዳው ላይ የሚታይ ልዩነት ስላለ ነው።

ረጅሞቹ ኳሶች ያልተደረሰባቸውም በእግሩ ድካም ብቻ አይመስለኝም። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ኳስን የሚይዘው የአየር ግጭት አነስተኛ ስለሆነ በተመሳሳይ ጉልበት የተመታ ኳስ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ተጠማዝዞ የሚመታውም የለመደውን ያህል አይታጠፍም። ኮምቦልቻ ላይ እግሩ ሥር የሚያርፍለት ኳስ ደሴ ላይ አልፎት ከመስመር ይወጣል። ይህ ደግሞ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ የሚልከው አማካይ ምቱን ማሳነስ፣ የሚቀበለው አጥቂ ደግሞ ሩጫውን ቀደም አድርጎ መጀመር ይገባዋል። ታዲያ አጥቂው ብቻ ለምን ይወቀሳል?

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ሌሎቹ ተጫዋቾቻችሁ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ምን ሠሩ የሚለው ነው። የግራው የመስመር አጥቂ እስከ መጨረሻው ሮጦ ከሆነ ጥያቄያችሁ ሚዛን ይኖረዋል፤ ሁሉም ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ከወረዱ ግን ነገሩ የቡድኑ ዝግጅት ነው። አካል ከፍታን የሚላመደው በቀናትና በሳምንታት እንጂ በአንድ ጉዞ አይደለምና፣ ለቡድኑ አስተዳደር የምትሰጡት ሐሳብ ካለ ከውድድሩ በፊት ደጋማው ሜዳ ላይ ተደጋጋሚ ልምምድ እንዲደረግ፣ ለደሴው ጨዋታም ሁለት ትኩስ የመስመር ተጫዋቾች በተቀያሪ ወንበር ላይ እንዲዘጋጁ ብትጠይቁ ተጫዋቹን ከመስደብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በወልድያ መምህርት ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን የሴት ልጆች ቡድን እመራለሁ። የመሐል አጥቂያችን ጎል አታገባም ለማለት ይቻላል፤ እሷ ስትገባ ግን ሁለቱ የመስመር ልጆች ያገባሉ፣ ስትወጣ አያገቡም። የስፖርት ኮሚቴው ጎል ስለማታገባ እንድትቀየር ይፈልጋል። የምንለማመደው አፈር ሜዳ ላይ መሆኑንም ላስታውቅ።

መልስ፦ መምህርት፣ ያዩት ነገር እውነተኛ ማስረጃ ስለሆነ በወረቀት አድርገው ለኮሚቴው ያቅርቡት። ልጅቷ ባለችባቸውና በሌለችባቸው ደቂቃዎች ቡድኑ ስንት ጎል እንዳገባ፣ ስንት ጊዜም ወደ ተጋጣሚው የግብ ክልል እንደገባ ለየብቻ ይቁጠሩ። የደቂቃዎቹ ርዝመት እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ ስለሚዛባ ሰዓት የሚይዝ ሰው ከጎንዎ ያስቀምጡ። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ተከላካዮቹን ይመልከቱ። አንዲት አጥቂ ሁለቱን የመሐል ተከላካዮች ይዛ ስትቆም ወይም ጎትታ ከቦታቸው ስታወጣቸው የመስመር ልጆቹ ወደ ውስጥ የሚገቡበት መንገድ ይከፈታል። ይህ ሥራ በማንም የጎል መዝገብ ላይ አይጻፍም።

በሜዳው ጉዳይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ደረቅ አፈር ላይ ኳስ ከፍ ብሎና ፈጥኖ ስለሚነጥር ልጆቹ በጭንና በደረት ማብረድን ይለምዳሉ፤ ሣር ላይ ግን ኳሱ መሬት ለመሬት ስለሚመጣ በእግር ውስጠኛ ጎን መቀበልን ይጠይቃል። ከተማችሁ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ባለ ሣር ስታዲየም አላት። ትምህርት ቤቱ ጠይቆ ልጆቹ ለአንድ ልምምድ እንኳ ሣር ላይ ቢገቡ ስለ አቀባበላቸው በአፈር ሜዳ ላይ የማይታየውን ብዙ ነገር ያያሉ። እስከዚያው ድረስ የሜዳው መጥፎ ንጥረት ያመለጣቸውን ኳስ እንደ ስሕተት አይቁጠሩባቸው።

ልጅቷ ራሷ ስለ ግምገማው ታውቃለች? ደብዳቤዎ አይገልጽም። ኮሚቴው በእሷ ላይ የሚናገረውን ከሌላ ሰው ከምትሰማ፣ ሥራዋ ምን እንደሆነና ለምን እንደምትሰለፍ ከእርስዎ ብትሰማው እጅግ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ ነው። የ14 ዓመት ልጄ የመስመር አጥቂ ነው። በክረምቱ የታዳጊዎች ምልመላ «ኳስ አያያዙ ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ነው» ተብሎ ቀረ። ተስፋ ቆርጦ ታኬታውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ታኬታውን ያስመልሱለት። በዚህ ዕድሜ እኩል ዓመት በተወለዱ ልጆች መካከል እንኳ የሰውነት ዕድገት ልዩነቱ ሰፊ ነው። ድምፁ ጎርንኖ ትከሻው የሰፋ ልጅ አጠገቡ ያለውን ገፍቶ ኳስ ቢያገኝ፣ ያገኘው ቀድሞ በማደጉ እንጂ በመሻሉ ላይሆን ይችላል። በብዙ አገሮች የታዳጊ ቡድኖች ሲጠኑ ተደጋግሞ የታየ ነገር አለ፤ በምዝገባው ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከመጨረሻዎቹ ወራት ልጆች በቁጥር ይበልጣሉ። ችሎታ በልደት ወር አይከፋፈልምና፣ ይህ የሚያመለክተው መራጮች ብስለትን ከብቃት ጋር እያምታቱ መሆኑን ነው። መልማዮቹ ራሳቸው ኳስ አያያዙን መስክረውለታል፤ ያ ደግሞ በኋላ ላይ ለማስተማር ከሁሉ የሚያስቸግረው ነገር ነው።

ትንሽ ልጅ ተገፍቶ ኳስ እንዳይነጠቅ የሚያስችለው ብልሃት ከላይ ለደሴው አሠልጣኝ የጻፍኩት ነው፤ ኳሱ ሳይደርሰው ዙሪያውን ያያል፣ ከሚጠብቀው ተከላካይ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ይቀበላል፣ በመጀመሪያው ንክኪም ኳሱን ከተከላካዩ ወደሚርቅበት አቅጣጫ ይወስዳል። አብዶውን፣ ማለትም ተከላካይ አታልሎ ማለፉን፣ አይከልክሉት፤ ግን ከመቀበል በኋላ የሚመጣ ነገር መሆኑን ይንገሩት። ቤት ውስጥ የሚሠራ ልምምድም አለ፦ ግድግዳ ላይ ኳስ እየመታ ሲመለስ ይቀበል፤ እርስዎ ወይም ወንድሙ ከኋላው ቆማችሁ ኳሱ በመመለስ ላይ ሳለ በጣት ቁጥር አሳዩት፣ እሱም ዞር ብሎ አይቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየተናገረ በቀኝም በግራም እግሩ ያብርድ። በሳምንት ሦስትና አራት ቀን፣ በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። ለሚቀጥለው ምልመላ ሲወስዱትም ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር ይሂዱ፤ የተወለደበትን ወር ለመልማዮቹ ያሳዩና ከእኩዮቹ ጋር እንዲያዩት ይጠይቁ።